በወሎ የአየር ብናኝን መለካት፦ ጭስን ከአቧራ ለይቶ ለማጥናት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በአየር ውስጥ ተንሳፍፈው የሚቆዩ ደቃቅ የጠጣርና የፈሳሽ ቅንጣቶች በሳይንሱ አጠራር ኤሮሶል ይባላሉ። ከምጣድ ሥር የሚወጣ ጭስ፣ ከናፍጣ ሞተር የሚተፋ ጥቀርሻ፣ ከባድ መኪና ከኮረኮንች መንገድ የሚያስነሣው አቧራ፣ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ነፋስ አሽቀንጥሮ የሚያመጣው ብናኝ፣ ሁሉም በዚህ አንድ ስም ይጠቃለላሉ። ይሁንና በወሎ የሚሠራ የኤሮሶል ጥናት ከሁሉ አስቀድሞ ጭስን ከአቧራ መለየት አለበት የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ሁለቱ በሳንባ ውስጥ የሚደርሱበት ጥልቀት፣ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ያላቸው ግንኙነት፣ በመለኪያ መሣሪያ ላይ የሚያሳዩት ባሕርይም ይለያያል። ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ብቻ የሚያወጣ ጥናት፣ ምድጃ ይሻሻል ወይስ መንገድ ይነጠፍ ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አይኖረውም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ውስን መሣሪያና ውስን ገንዘብ ይዘው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በባቲ ወይም በአካባቢያቸው ጥናት ለመጀመር ለሚያስቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ የጤናና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ነው።

1. ጥያቄውን ማጥበብ

«የወሎ አየር ምን ያህል ተበክሏል?» የሚለው ጥያቄ ሊለካ አይችልም። «በደሴ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ደቃቅ ብናኝ ከቀትር በኋላ ካለው በምን ያህል ይበልጣል?» የሚለው ግን ይለካል። «በኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚገኘው ብናኝ በአብዛኛው ጥቀርሻ ነው ወይስ የመንገድ አቧራ?» የሚለውም እንዲሁ። ጥያቄው ሲጻፍ ቦታው፣ ወቅቱ፣ የቀኑ ሰዓትና የቅንጣቱ መጠን ተለይተው መጠቀስ አለባቸው።

የቅንጣት መጠን ሲባል ሁለት ወሰኖች በብዛት ያገለግላሉ። ፒኤም 10 የሚባለው ስፋቱ ከ10 ማይክሮ ሜትር (አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የማይበልጥ ብናኝ ሲሆን፣ ፒኤም 2.5 ደግሞ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጠው ነው። የጭስ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ማይክሮ ሜትር ያንሳል፤ ስለዚህም እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። የአቧራ ክብደት በአመዛኙ የሚገኘው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር በላይ በሆኑት ቅንጣቶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ ከ5፣ የ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ መብለጥ የለበትም፤ ለፒኤም 10 ደግሞ ወሰኖቹ 15 እና 45 ናቸው። ውጤትን ከእነዚህ ጋር ሲያነጻጽሩ የአንድ ጠዋትን ልኬት ከዓመታዊው ወሰን ጎን ማስቀመጥ አይገባም። ይህ ስሕተት በብዙ ጽሑፍ ላይ ይታያል፤ አንባቢንም ያሳስታል።

2. የአካባቢውን አየር ጠባይ ማወቅ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። በጠራ የበጋ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን በፍጥነት ይለቅቃል፤ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ከተራራው ጎን ተንሸራቶ ወደ ሸለቆው ይወርድና ከላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጠምበታል። ንጋት ላይ የሚነደው ማገዶ፣ ከሰልና የሚነሡት ባጃጆች የሚያወጡት ጭስ በዚህ ክዳን ሥር ታፍኖ ይቆያል። ፀሐይ መሬቱን አሙቃ አየሩ መቀላቀል ሲጀምር፣ ረፋዱ ላይ፣ መጠኑ ይቀንሳል። ምሽት ላይ እንደገና ይጨምራል። ስለዚህ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም በሥራ ሰዓት የሚወሰድ ልኬት ሰው በእርግጥ የሚተነፍሰውን አየር አያሳይም።

ወቅቶቹም የየራሳቸው ፈተና አላቸው። በክረምት ዝናቡ ብናኙን ያጥበዋል፤ ነገር ግን ደሴን የሚሸፍነው ጉም የመሣሪያን ንባብ ያዛባል። በበጋ ጭሱም አቧራውም አብረው ይበረታሉ። በልግ ዝናቡ በቅጡ ከጣለ አቧራውን ያስታግሳል፤ ከቀረ ግን የታረሰውና ደረቅ ሆኖ የቀረው ማሳ ራሱ የአቧራ ምንጭ ይሆናል። በባቲ፣ በቆቦና በመርሳ ሜዳዎች ይህ ከደሴ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ከዚህ ሌላ ተመራማሪ ሊጠቀምባቸው የሚገቡ የታወቁ የጭስ ቀናት አሉ። መስከረም 16 ምሽት ደመራ ይለኮሳል። ኅዳር 12 ደግሞ በከተሞች ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ ይቃጠላል። ምንጩና ሰዓቱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ፣ መሣሪያው ጭስን በትክክል ያያል ወይ የሚለውን ለመፈተን እነዚህ ቀናት ከማንኛውም ሰው ሠራሽ ሙከራ ይሻላሉ። ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እስከ ሦስት ቀን በኋላ ያለማቋረጥ ይለኩ።

3. የመለኪያ ቦታ መምረጥ

ቢያንስ ሦስት ዓይነት ቦታ ያስፈልጋል። አንደኛው ሰውና ተሽከርካሪ የሚበዛበት ነው፤ በደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ ለዚህ ይሆናል። ሁለተኛው የመኖሪያ ሰፈር ሲሆን፣ ሦስተኛው ከከተማው ጭስ የራቀ የመነሻ ቦታ ነው። ለሦስተኛው ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ወደ ጉጉፍቱ ያለው ደጋ ተስማሚ ይመስለኛል። የመነሻ ቦታ ከሌለ ከተማው በራሱ የጨመረውን ከሩቅ ከመጣው መለየት አይቻልም። በገንዘብ እጥረት ከሦስቱ አንዱን መተው ግድ ቢሆን እንኳ ይህኛው መቅረት የለበትም።

መሣሪያው ከመሬት ከ2 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከግድግዳ ፈንጠር ብሎ፣ ከወጥ ቤት ጭስ ማውጫ፣ ከዳቦ ቤትና ከጄኔሬተር ርቆ ይሰቀል። መሣሪያው ከመሰቀሉ በፊት የግቢውን ባለቤትና ቀበሌውን ማስፈቀድ፣ ምን እንደሆነም በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ብልጭ የሚል መብራትና ሽቦ ያለው የማይታወቅ ሣጥን የሰውን ጥርጣሬ መቀስቀሱ ተገቢ ነው።

4. መሣሪያውንና ድክመቱን ማወቅ

በዝቅተኛ ዋጋ የሚገኙት ሴንሰሮች፣ ለምሳሌ ፕላንታወር ፒኤምኤስ 5003 ወይም ሴንሲሪዮን ኤስፒኤስ 30፣ በትንሽ ማራገቢያ አየር እየሳቡ በሌዘር ጨረር ውስጥ ያሳልፉታል፤ ከቅንጣቶቹ ላይ ተበትኖ የሚመለሰውን ብርሃን ለክተውም ወደ ክብደት ይለውጡታል። ክብደቱን አይመዝኑም፤ ይገምታሉ። ግምቱም ፋብሪካው ባዘጋጀው የቅንጣት ዓይነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ የኩበት ጭስ ላይም የባቲ አቧራ ላይም እኩል አይሠራም።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የማስጠነቅቀው ነገር አለ። እንደ ፒኤምኤስ 5003 ያሉት ሴንሰሮች ውጤታቸው ውስጥ «ፒኤም 10» የሚል ዓምድ አላቸው፤ ነገር ግን ትልልቆቹን ቅንጣቶች በቅጡ ስለማያዩ ይህ ዓምድ በአብዛኛው ከትንንሾቹ ተነሥቶ የተሰላ ነው። አቧራ ከፍ ባለበት ቀን ሰማዩ ቡናማ ሆኖ ሳለ ሴንሰሩ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ለአቧራ ጥናት ይህን ዓምድ መጠቀም የለብዎትም። አቧራ ዋናው ጥያቄ ከሆነ፣ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ እየቆጠረ በመጠን የሚመድብ እንደ አልፋሴንስ ኦፒሲ ኤን 3 ያለ መሣሪያ ወይም የፒኤም 10 ማጣሪያ ናሙና መውሰጃ ያስፈልጋል።

ፒኤምኤስ 5003 በ5 ቮልት ይሠራል፤ የመረጃ መስመሩ ግን 3.3 ቮልት ስለሆነ በቀጥታ ከ5 ቮልት መስመር ጋር ማገናኘት ሊያበላሸው ይችላል። ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 30 ሴኮንዶች ንባብ ይጣሉ። መብራት በየጊዜው ስለሚቋረጥ ፓወር ባንክ ወይም ባትሪ ከሶላር ጋር ይያያዝ፤ መረጃው በኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን በሚሞሪ ካርድም ይመዝገብ። ከብናኙ ጋር የሙቀት መጠን፣ አንጻራዊ እርጥበትና የአየር ግፊት አብረው መለካት አለባቸው፤ ያለ እነርሱ የብናኙ ቁጥር ኋላ ሊታረም አይችልም።

የመሣሪያው ሰዓት ከመጀመሪያው በአንድ ሥርዓት ብቻ ይሞላ። አንዱ በሀገራችን አቆጣጠር «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ፣ ሌላው 8፡00 ብሎ ሲመዘግብ፣ መሣሪያው ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት 5፡00 እያለ ከቆየ፣ ከወራት በኋላ የጠዋቱ ጭስ እኩለ ሌሊት ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። መሣሪያዎቹን ሁሉ በግሪንዊች ሰዓት አድርጎ፣ በትንተናው ጊዜ 3 ሰዓት መጨመር የሚሻል ይመስለኛል። ቀኑንም እንዲሁ በእ.ኤ.አ. መዝግቦ፣ የዓ.ም. ቀን በተለየ ዓምድ ማስቀመጥ ይቻላል።

5. ከማመሳከሪያ ጋር ማስተያየት

ከዚህ መመሪያ ክፍሎች ሁሉ አንዱን ብቻ በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ቢኖር፣ ይህኛውን እንዲሠራ እመክራለሁ። ሴንሰሮቹ ወደ የቦታቸው ከመሰራጨታቸው በፊት ሁሉም በአንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ቢቻል ለአንድ ወር አብረው ይሥሩ። ይህ ሁለት ነገር ያሳያል፤ አንደኛ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ፣ ሁለተኛ ከትክክለኛው ክብደት በምን ያህል ይርቃሉ። ለሁለተኛው የማመሳከሪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እስከ መጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ የፒኤም 2.5 ልኬቱን ለሕዝብ ያሰራጭ ነበር፤ ያ የቆየ መረጃ ለንጽጽር ይጠቅማል፤ በ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተወሰደ ልኬት ግን የደሴን ሴንሰር አያርምም። ስለዚህ ማመሳከሪያው እዚያው ሴንሰሮቹ ባሉበት የሚወሰድ የማጣሪያ ናሙና መሆን አለበት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። 47 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የቴፍሎን ማጣሪያ ሙቀቱና እርጥበቱ ቁጥጥር በሚደረግበት ክፍል ውስጥ ለ24 ሰዓት ይቀመጥና 1 ማይክሮ ግራም መለየት በሚችል ሚዛን ይመዘናል። ከዚያ ፒኤም 2.5ን ብቻ በሚያሳልፍ መግቢያ በኩል በደቂቃ 16.7 ሊትር አየር ለ24 ሰዓት ይሳብበታል፤ ይህ ወደ 24 ሜትር ኩብ አየር ማለት ነው። ማጣሪያው በተመሳሳይ ሁኔታ ለሌላ 24 ሰዓት ከተቀመጠ በኋላ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ በ732 ማይክሮ ግራም ጨመረ እንበል። አየር ሳይሳብበት ወደ ቦታው ሄዶ የተመለሰው ባዶ ማጣሪያ ደግሞ 12 ጨምሯል። ልዩነቱ 720 ለ24 ሲካፈል 30 ማይክሮ ግራም በሜትር ኩብ ይሆናል። ባዶው ማጣሪያ በእጅ ንክኪና በመጓጓዣ የሚጨመረውን ስለሚያሳይ ከየአሥሩ ናሙና ቢያንስ አንዱ ባዶ ይሁን።

የደጋ ተመራማሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የአየር ግፊት ነው። ደሴ ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የፓምፑ መቆጣጠሪያ በባሕር ጠለል መደበኛ ሊትር የሚቆጥር ከሆነ፣ 16.7 እያለ በእርግጥ ከ22 ሊትር በላይ ይስባል፤ የመግቢያውም የመለያ ወሰን ከ2.5 ማይክሮ ሜትር በታች ይወርዳል፤ መግባት የነበረበት አቧራ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ፍሰቱ እዚያው ደሴ ላይ፣ በእውነተኛው ግፊት መስተካከል አለበት። ውጤቱም በአካባቢው ግፊት ነው ወይስ በመደበኛ ግፊት የሚለው ይጻፍ፤ የሙቀቱን ልዩነት ለጊዜው ትተን ብናስብ፣ ደሴ ላይ 30 የሆነው በመደበኛው ሲሰላ 40 ይሆናልና። ደሴንና ኮምቦልቻን ስናነጻጽርም ከግፊት ልዩነት ብቻ 8 በመቶ ያህል ልዩነት ይመጣል።

የማጣሪያው ውጤትና የሴንሰሩ የ24 ሰዓት አማካይ ከተሰበሰቡ በኋላ በኤክሴል ወይም አር በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ቀላል የመስመር ቀመር ይሠራል፤ እርጥበትም በቀመሩ ይግባ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፐርፕልኤር ለተባሉት ርካሽ የብናኝ መለኪያ መሣሪያዎች ያወጣው ቀመር የሴንሰሩን ንባብ በ0.524 ያባዛል፣ ከዚያ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝቶ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ 5.75 ይጨምራል። ሴንሰሩ 80፣ እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 42.5 ገደማ ነው። ያልታረመ ንባብ የእውነተኛውን እጥፍ ያህል ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ቀመሩ ግን ከአሜሪካ ግዛቶች በተሰበሰበ መረጃ የተሠራ ስለሆነ ለወሎ ማገዶና አቧራ እንዳለ መወሰድ የለበትም፤ የአሠራሩን መንገድ እንጂ ቁጥሮቹን አንውሰድ። የጭስ ወቅትና የአቧራ ወቅት የየራሳቸው ቀመር ቢኖራቸው ይመረጣል። በጥናቱ መጨረሻም ሴንሰሮቹ ተሰብስበው እንደገና ጎን ለጎን ይሥሩ፤ ሌንሱ ላይ አቧራ ስለሚከማች ንባባቸው ከጊዜ ጋር ይሸሻል።

6. መረጃውን ማጥራት

ደቃቅ ቅንጣቶች እርጥበት ሲስቡ ያብጣሉ፤ ካበጡ ደግሞ ብዙ ብርሃን ስለሚበትኑ ሴንሰሩ ብናኝ የበዛ ይመስለዋል። ይህ ከ70 በመቶ እርጥበት በላይ እየጎላ ይሄዳል። ጉም ሲሆን ጭራሹን የውኃ ነጠብጣቡ ራሱ እንደ ብናኝ ይቆጠራል። በክረምት ደሴ ላይ የሚሰበሰብ መረጃ ከዚህ የተነሣ ብዙ የሐሰት ከፍታ ይኖረዋል። እርጥበቱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነባቸውን ሰዓቶች መለየትና ከአማካዩ ማውጣት፣ ምን ያህል ሰዓት እንደወጣም መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ወይም አንድ ቀን በአማካይ ውስጥ እንዲገባ ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆነው ንባቡ የተሟላ ይሁን።

7. ሳተላይትን መጨመር

ሳተላይት ከመሬት እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ባለው አየር ውስጥ ኤሮሶል ብርሃንን ምን ያህል እንደሚጋርድ ይለካል፤ ይህ መጠን ኤኦዲ ይባላል። ፀሐይ ከአናት ላይ ስትሆን ኤኦዲ 0.1 ማለት ከቀጥታ ብርሃኑ 90 በመቶው ያልፋል፣ 1 ማለት ደግሞ 37 በመቶው ብቻ ያልፋል ማለት ነው። ቴራ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው ሞዲስ የተባለ መሣሪያ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሱኦሚ ኤንፒፒ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው ቪርስ ከ2012 ጀምሮ መረጃ ይሰጣሉ። ወርልድቪው በተባለው የናሳ ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ማየት፣ ጆቫኒ በተባለው ሌላ የናሳ ድረ ገጽ ደግሞ የረጅም ዘመን አማካይ ማውጣት ይቻላል። ቴራ ቀድሞ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፍ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ምሕዋሩ እየተንሸራተተ ወደ ማለዳ ስለተጠጋ የድሮውን ከአሁኑ ሲያነጻጽሩ ይህን ያስተውሉ። ቪርስ የሚያልፈው ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱም የንጋቱን የታፈነ ጭስ አያዩም። በክረምት ደመና ስለሚሸፍን ለሳምንታት ምንም መረጃ ላይኖር ይችላል።

ኤኦዲ ጠቅላላውን የአየር ዓምድ እንጂ የምንተነፍሰውን አየር ብቻ አያሳይም። በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲፈነዳ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ወደ ኦማንና ወደ ሕንድ ሄደ። ኅዳር 12 ቆሻሻ የተቃጠለው ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ሳምንት የሳተላይት ምስል ብቻ የሚመለከት ተመራማሪ የሩቁንና የከፍታውን አመድ ከየሰፈሩ ጭስ ጋር ሊያምታታ ይችላል፤ የመሬት ሴንሰር ያለው ግን ይለያቸዋል።

አየሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ በድረ ገጽ የሚገኘው ሃይስፕሊት የተባለ የአየር ጉዞ ማስያ ይረዳል። ለእያንዳንዱ ከፍተኛ የአቧራ ቀን ወደ ኋላ የ3 ቀን ጉዞ በሦስት ከፍታዎች ያሰሉ። የአንድ ዲግሪ (110 ኪሎ ሜትር ያህል) ስፋት ያለው የነፋስ መረጃ ከደሴ ጫፍ እስከ አፋር ሜዳ ያለውን ምድር በአንድ አማካይ ከፍታ ስለሚወስደው በዚህ ገደላማ አገር ስሕተቱ ትልቅ ነው፤ የሚቻለውን ያህል ጠበብ ያለ መረጃ ይምረጡ።

8. ጭስን ከአቧራ መለየት

እዚህ የተሰበሰበው ሁሉ ይገናኛል። አንድ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ ሦስቱ መስማማት አለባቸው።

የመጀመሪያው የማጣሪያው ቀለም ነው። ከማገዶ ጭስና ከናፍጣ የመጣ ናሙና እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ይጠቁራል፤ የአቧራ ናሙና ግን ክብደቱ ከፍ ያለ ሆኖ ቀለሙ ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ይሆናል። ሁሉም ማጣሪያዎች በአንድ ዓይነት መብራት፣ ከነጭና ከግራጫ የቀለም መለኪያ ወረቀት ጎን ፎቶ ቢነሡ የጥቁረታቸውን ደረጃ በኮምፒውተር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለተኛው የፒኤም 2.5 እና የፒኤም 10 ንጽጽር ነው፤ ፒኤም 2.5 ከፒኤም 10 አብላጫውን ከያዘ ጭስ፣ ጥቂቱን ብቻ ከያዘ አቧራ ይጠረጠራል። ሦስተኛው አንግስትሮም ኤክስፖነንት የሚባለው፣ የብርሃን መጋረድ ከሞገድ ርዝመት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ከ1.5 በላይ ደቃቅ ቅንጣትን፣ ከ0.5 በታች አቧራን ያመለክታል። አራተኛው ሰዓቱ ነው። ማለዳና ምሽት ከፍ የሚል የምድጃና የመኪና፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲበረታ ከፍ የሚል የአቧራ ጠባይ አለው። የጥቁር ካርቦን መለኪያ አቴሎሜትር የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የማገዶን ጭስ ከናፍጣ ጥቀርሻ እስከ መለየት ይዘልቃል፤ የማገዶ ጭስ አጭር ሞገድ ያላቸውን ብርሃኖች ከናፍጣው ይልቅ አብዝቶ ይመጥጣልና።

9. ወደ ቤት ውስጥ መግባት

ብዙ ሰው ከፍተኛውን ብናኝ የሚተነፍሰው በወጥ ቤት ነው። መሣሪያው ከምድጃው 1 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከበርና ከመስኮት 1.5 ሜትር ፈንጠር ብሎ ይቀመጥ። እንጀራ በየቀኑ ስለማይጋገር የ24 ሰዓት ልኬት የምጣዱን ቀን ሊስተው ይችላል፤ ቢያንስ አንድ የምጣድ ቀንና አንድ ያለ ምጣድ ቀን እንዲያካትት ልኬቱ ይርዘም። በጋገራው ሰዓት ብናኙ ፒኤምኤስ 5003 በአስተማማኝ ከሚለካበት የ500 ማይክሮ ግራም ወሰን ሊያልፍ ስለሚችል ማጣሪያ አብሮ መኖር አለበት። ምርጥ ምጣድ የተባለውን የተሻሻለ ምድጃ ከተለመደው ጉልቻ ጋር ሲያነጻጽሩ በተለያየ ቤት ሳይሆን በአንዱ ቤት፣ በአንዷ ጋጋሪ፣ በአንድ ዓይነት ማገዶ ይሁን።

ለባለቤቷ መዝገብ ይሰጣት ወይም የአጥኚው ረዳት ይመዝግብላት፤ ምጣዱ የተጣደበት ሰዓት፣ የተነደደው እንጨት ነው ኩበት፣ በሩ ተከፍቶ ነበር ወይ፣ ቡና ተፈልቷል ወይ፣ ዕጣን ጨሷል ወይ። በወሎ ቤት ቡናው አቦል ብሎ በረካ እስኪደርስ ከሰሉና ዕጣኑ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ፣ ይህ ካልተመዘገበ ጭማሪው ሁሉ በምጣዱ ይሳበባል። ፈቃድ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ውጤቱም ለቤተሰቡ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገር።

10. ስለ አየር ንብረት ምን ማለት ይቻላል

ሰልፌት የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ያቀዘቅዛል፤ ጥቀርሻ ብርሃኑን ስለሚመጥጥ አየሩን ያሞቃል፤ አቧራ እንደ ማዕድኑና እንደ መጠኑ ሁለቱንም ያደርጋል። ቅንጣቶች የደመና ነጠብጣብ ማቆጥቆጫ ስለሚሆኑ የደመናን ብሩህነትና የዝናብን አጣጣል ይለውጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስድስተኛ ግምገማ የሰው ሠራሽ ኤሮሶሎች ድምር ተጽዕኖ ከ1750 እስከ 2019 ሲታይ 1.1 ዋት በሜትር ካሬ የማቀዝቀዝ ነው፤ ግምቱ ግን ከ0.4 እስከ 1.7 ይዘረጋል። ይህ ስፋት ገና ብዙ መለካት እንደሚቀር ያሳያል፤ እንደ ወሎ ካሉ ልኬት ከማይበዛባቸው አካባቢዎች የሚመጣ ጥሩ መረጃም ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ይህ ጉዳይ ለወሎ ሰው ሩቅ አይደለም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ የተዘረጋውን የሳህል ምድር ዝናብ ካዳከሙት ምክንያቶች አንዱ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች የወጣው ሰልፌት እንደሆነ የሞዴል ጥናቶች ያመለክታሉ፤ የሰሜን አትላንቲክን ውቅያኖስ አቀዝቅዞ የዝናቡን መቀነት ወደ ደቡብ ገፍቶታል። ይሁንና በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ በዚህ ብቻ ማስረዳት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የበልግና የክረምት ዝናብ የየራሱ ምንጭ አለው፣ ረሃቡም የአስተዳደርና የጦርነት ጉዳይ ጭምር ነበር። በአንድ ከተማ ለአንድ ዓመት የተለካ ብናኝም ስለ ዝናብ መቅረት ምንም አያረጋግጥም። በወሎ የሚሠራ ጥናት በልበ ሙሉነት ሊያበረክት የሚችለው በየወቅቱ የጥቀርሻውና የአቧራው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ የአየር ንብረት ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉትም እርሱን ነው።

11. መረጃውን ማስቀመጥ

ያልታረመው ንባብ በምንም ምክንያት አይሰረዝ፤ የታረመው በሌላ ፋይል ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ፋይል የሴንሰሩ መለያ ቁጥር፣ የቦታው ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ፣ የተሰቀለበትና የወረደበት ቀን፣ የተጠቀሙበት ቀመር፣ ፒኤምኤስ 5003 ከሚያወጣቸው ሁለት ዓይነት ውጤቶች (ሲኤፍ 1 እና ኤቲኤም) የትኛው እንደተወሰደ፣ ክብደቱ በየትኛው የአየር ግፊት እንደተሰላ ይጻፍ። ያገለገሉ ማጣሪያዎች በየሣጥናቸው ታሽገው በማቀዝቀዣ ይቆዩ፤ ዛሬ በደሴ የማይገኝ የኬሚካል ምርመራ ነገ በሌላ ቤተ ሙከራ ሊሠራላቸው ይችላል። ሚሞሪ ካርዱ በየሁለት ሳምንቱ ይገልበጥ፤ በዚያው ጉብኝት የማራገቢያው ድምፅ ይሰማ፣ የመግቢያው ቀዳዳ በሸረሪት ድር ወይም በጉንዳን አለመዘጋቱ ይታይ፣ የተደረገው ሁሉ ከነሰዓቱ በቦታው መዝገብ ይስፈር።